የማኅበራዊ ድጋፍ መጠይቅን ወደ አማርኛ ስናመጣ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መመረቂያ ጽሑፍ የያዙ ልጆች ይህን ጉዳይ ደጋግመው ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ የሚጀምሩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «12 ጥያቄ ብቻ ስለሆነ ተርጉሜ እጠቀመዋለሁ»። እኔም በፊት እንደዛ ነበር የማስበው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከነሱም፣ ከመረጃ ሰብሳቢዎችም፣ አንዳንዴም ከመልስ ሰጪዎቹ ከራሳቸው የመጡ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የምናወራው ስለየትኛው መጠይቅ ነው?

በምህጻሩ ኤም ኤስ ፒ ኤስ ኤስ ስለሚባለው። ስሙን ብንፈታው «ሰው አለኝ ብሎ የሚያስበውን ማኅበራዊ ድጋፍ ከተለያየ ወገን የሚለካ መለኪያ» እንደማለት ነው። ኤስ ፒ ኤስ ኤስ ከሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ጋር አታምታቱት። ፕሮፖዛል ላይ ሁለቱ ተቀላቅለው አይቻለሁ።

ግሪጎሪ ዚመትና ባልደረቦቹ በ1988 ነው ያሳተሙት። መጀመሪያ የተሞከረው አሜሪካ ውስጥ በዱክ ዩኒቨርሲቲ በሚማሩ 275 የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ላይ ነው። 12 ዓረፍተ ነገሮች አሉት። አራቱ ስለ ቤተሰብ፣ አራቱ ስለ ጓደኞች፣ አራቱ ደግሞ ስለ አንድ «ልዩ ሰው» ያወራሉ። መልስ ሰጪው በእያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚስማማ ከ1 እስከ 7 ይናገራል።

ዱክ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ያዙልኝ። ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ ኮሌጅ የገባ ወጣት ድጋፉን በሦስት ሣጥን ቢከፍለው አይገርምም። ቤተሰብ አንድ ቦታ ነው፣ ጓደኛ ሌላ ቦታ፣ ፍቅረኛ ሌላ። ሰቆጣ ወይም መርካቶ ያለች የአምስት ልጆች እናት ሕይወቷን እንደዛ ትከፍለዋለች ወይ? የዚህ ገጽ ጥያቄዎች ሁሉ ዞረው ዞረው እዚህ ይደርሳሉ።

«አለኝ ብሎ ማሰብ» ለምን ይለካል? የተደረገለትን ድጋፍ ብንቆጥር አይሻልም?

ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባለፈው ወር ስንት ሰው ገንዘብ አበደረህ፣ ስንቴ ታመህ ተጠየቅህ ብሎ መቁጠር ይቻላል። ችግሩ ብዙ እርዳታ የሚደርሰው ብዙ ችግር ለገጠመው ሰው መሆኑ ነው። ስለዚህ ብዙ የተረዳው ሰው ብዙ የተጨነቀ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። «ቢጨንቀኝ ሰው አለኝ» የሚለው እምነት ግን ከአእምሮ ጤና ጋር ያለው ዝምድና የተሻለ ወጥ ሆኖ ይገኛል። ሼልደን ኮኸንና ቶማስ ዊልስ በ1985 ባወጡት ሰፊ ዳሰሳ ላይ ድጋፍ የጭንቀትን ጉዳት እንደ መከላከያ ያበርደዋል የሚለውን ሐሳብ ያብራሩት በዚሁ መንገድ ነው። ጃንጥላ ያለው ሰው ዝናብ ባይዘንብም ተረጋግቶ ይወጣል።

እንግሊዝኛ በደንብ የሚችል ሰው ቢተረጉመው አይበቃም?

አይበቃም። የተለመደው አካሄድ ይህ ነው። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ወደ አማርኛ ይተረጉማሉ፤ አንዱ ስለ ጉዳዩ የሚያውቅ፣ ሌላው የማያውቅ ቢሆን ይመረጣል። ሁለቱ ትርጉሞች ይታረቃሉ። ዋናውን ያላዩ ሌሎች ሁለት ሰዎች መልሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱታል። ከዚያ የባለሙያዎች ቡድን ተቀምጦ ያየዋል፣ በመጨረሻም ከ30 እስከ 40 በሚሆኑ ሰዎች ላይ ይሞከራል። ዶርካስ ቢተንና ባልደረቦቿ በ2000 ያወጡት መመሪያ ይህንን ነው የሚለው። መልሶ መተርጎምን ያስፋፋው ደግሞ በ1970 የጻፈው ሪቻርድ ብሪስሊን ነው።

እኔ ግን መልሶ መተርጎም ላይ የሚጣለው እምነት ይበዛል ባይ ነኝ። ጎበዝ ተርጓሚ መጥፎ አማርኛን አስተካክሎ ይመልሰዋል። «ከቤተሰቤ ስሜታዊ ድጋፍ አገኛለሁ» የሚለውን ስጡት፣ ፍጹም በሆነ እንግሊዝኛ ይመልስላችኋል። ባለሙያዎቹም ያጨበጭባሉ። ነገር ግን መንገድ ላይ «ስሜታዊ» ማለት ቶሎ ግንፍል የሚል ሰው ማለት ነው። አንዲት እናት ይህን ሳነብላት «ቤተሰቦቼ ኧረ ስሜታዊ አይደሉም፣ ጨዋ ናቸው» አለችኝ። መልሷን በቁጥር ስንጽፈው 2 ሆነ። ድጋፍ የሌላት ሴት ሆና ተመዘገበች ማለት ነው።

አማርኛው የሚያስቸግረው የትኞቹ ቃላት ላይ ነው?

«ስሜታዊ»ን አየን። የሰው አማርኛ «አይዞህ የሚለኝ»፣ «የሚያጽናናኝ» ነው።

«ድጋፍ» ራሱ ቀላል አይደለም። ብዙ ሰው ድጋፍ ሲባል ስንዴ፣ ዘይትና ገንዘብ ነው የሚታየው። መረጃ ሰብሳቢው መታወቂያ አንጠልጥሎ ሲመጣማ የበለጠ ይታየዋል። «ድጋፍ የለኝም» የሚለው መልስ የእርዳታ ማመልከቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በመግቢያው ላይ ይህ ለእርዳታ ምዝገባ አይደለም ብሎ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

ቤተሰቤና ጓደኞቼ «ለመርዳት ይሞክራሉ» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች አሉ። እንግሊዝኛው ልባዊ ጥረትን ነው የሚያሞግሰው። በአማርኛ «ይሞክራል» ሲባል ግን አልተሳካለትም የሚል ነገር ከኋላው አለ። «ልጁ ይሞክራል» ብንል ማሞገስ ነው ወይስ ማማት? «የቻሉትን ያህል ይረዱኛል» ወይም «ከልባቸው ይረዱኛል» ይሻላል።

ደስታንና ሐዘንን ስለ መካፈል የሚጠይቁም አሉ። «ሐዘን» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰው ለቅሶ ቤት ነው የሚገባው። «ሐዘኔን የሚካፈል ሰው አለኝ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅና «እንዴ፣ ሰፈሩ ሁሉ ይመጣል» ይላል፤ 7 ይሰጣል። ለቅሶ መድረስ ግን ግዴታም ጭምር ነው። መጠይቁ የሚፈልገው የሆድ ጉዳይ ነው። «የሆዴን የምነግረው»፣ «የማዋየው» የሚሉት ይጠጉታል። «ክፉ ደጉን የምካፈለው» ያምራል፣ ግን እሱም ወደ ድግስና ወደ ለቅሶ ይጎትታል።

«ጓደኛ» ደግሞ ከተማ ውስጥ ሁለት ትርጉም አለው። «ጓደኛዬ ነው» ያለች ወጣት ስለ ፍቅረኛዋ ይሁን ስለ ክፍል ጓደኛዋ ከአነጋገሯ ነው የሚታወቀው። በወረቀት ላይ አነጋገር የለም። «ጓደኞቼ» ብሎ በብዙ ቁጥር መጻፍ ትንሽ ይረዳል።

በውሳኔ ላይ ስለ መርዳት የሚጠይቀውን ደግሞ በጥንቃቄ እዩት። «ቤተሰቤ ስወስን ያግዘኛል» እና «ቤተሰቤ ይወስንልኛል» መካከል ያለው ልዩነት ለአንዲት ያላገባች ልጅ የሕይወት ጉዳይ ነው። የምትፈልገውን ሰው እንዳታገባ የከለከሏት ልጅም በቅንነት 7 ልትመልስ ትችላለች። አዎ፣ በውሳኔዋ ገብተዋል!

«ልዩ ሰው» ማን ነው?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ መልስ ሰጪዎችም ይጠይቁታል። «ልዩ ሰው ማለት?» ይላሉ። በአማርኛ ልዩ ሰው ማለት ከሰው የተለየ፣ ወይ በጣም የተከበረ ወይ ትንሽ ነካ ያደረገው ነው። በእንግሊዝኛው የታሰበው ቅርብ የሆነ አንድ ሰው ነው። ፍቅረኛ ሊሆን ይችላል፣ ግን የግድ አይደለም። መጠይቁ ሆነ ብሎ ክፍት ትቶታል።

ክፍት መሆኑ በሌላ አገርም አስቸግሯል። ቱርኮቹ የወሰዱት መፍትሔ ደስ ይለኛል። በቱርክኛው ቅጂ ላይ ከቤተሰቤና ከጓደኞቼ ውጭ የሆነ ሰው ብለው ከጻፉ በኋላ በቅንፍ ምሳሌ ይዘረዝራሉ፦ የፍቅር ጓደኛ፣ እጮኛ፣ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ሐኪም። ልብ በሉ፣ ጎረቤትና ሐኪም ገብተዋል። በዚህ አንድ ቅንፍ መጠይቁ የቱርክ ሰፈር ገባ።

ማላዊ ውስጥ ደግሞ መጠይቁ ወደ ቺቼዋና ወደ ቺያዎ ተተርጉሞ በነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ተፈትኗል። ውጤቱ የታተመው በ2014 ነው። መልሶቹ በስታቲስቲክስ ሲመደቡ፣ በተለመደው ቅደም ተከተል የተጠየቁት ሴቶች ዘንድ «ልዩ ሰው» እና «ቤተሰብ» ተዋሕደው አንድ ሣጥን ሆኑ፣ ጓደኞች ለብቻ ቀሩ። ጥያቄዎቹ ቅደም ተከተላቸው ተበውዞ የቀረበላቸው ሴቶች ዘንድ ግን ሦስቱም ተለይተው ወጡ። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ሣጥን መውጣቱ የባህል ጉዳይ ብቻ አይደለም። የትኛው ጥያቄ ከየትኛው ቀጥሎ ተጠየቀ የሚለውም አለበት። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ቅደም ተከተሉን ቢያንስ በሁለት ዓይነት አዘጋጅቼ ነው የምሞክረው።

ለአማርኛስ? ባለትዳር ሴት ከሆነች ባሏ ልዩ ሰው ነው ወይስ ቤተሰብ? አብዛኛው ሰው ሁለቱም ይላል። ሁለቱ ሣጥኖች የሚዋሐዱት እዚህ ላይ ነው። እኔ የምመክረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ልዩ» የሚለውን ቃል ጣሉት። «ከሁሉም በላይ የምቀርበው አንድ ሰው» ይበቃል። ሁለተኛ፣ እንደ ቱርኮቹ ምሳሌ ስጡ፣ ምሳሌው ግን የእኛ ይሁን፦ የንስሐ አባት፣ አበልጅ፣ የልብ ጎረቤት፣ እጮኛ፣ ሸኽ፣ አስተማሪ። ባልና ሚስት የት እንደሚገቡ ቀድማችሁ ወስኑና በመግቢያው ላይ ጻፉ። ለመረጃ ሰብሳቢው ውሳኔ አትተዉት። አራት ሰብሳቢ ካላችሁ አራት ዓይነት መልስ ነው የምታገኙት።

አንድ የሰዋስው ጣጣም አለ። «የሚያጽናናኝ ሰው» ሲባል ግሱ ተባዕት ነው። ሰዋስው የሚያውቅ ሰው ለሁሉም ነው ይላል፤ ሴቷ ግን ወንድ ይመጣባታል፣ ብዙውን ጊዜም ባሏ። እናቷን ወይም እህቷን ማሰብ የምትችለው ምሳሌው ውስጥ ሴት ካለች ነው።

ጎረቤትና ዕድርስ የት ሄዱ?

የሉም። ለእኛ ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል። ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ዕድሩ አለ፣ ዕቁቡ አለ፣ ጽዋ ማኅበሩ አለ፣ ከአቦል እስከ በረካ የሚወራበት ቡና አለ። የቡና ጎረቤቶቿን «ጓደኞቼ» ብላ የማትጠራ ሴት ሞልታለች። እነሱ ጎረቤቶች ናቸው። በመጠይቁ መሠረት ጓደኛ የሌላት ሴት ትሆናለች።

ታዲያ ጥያቄ እንጨምር? ትችላላችሁ። ግን 12ቱን ሳትነኩ፣ ጭማሪውን ለብቻው በመጨረሻ አድርጉ። አለበለዚያ ውጤታችሁን ከሌላ አገር ጋር ማነጻጸር አይቻልም። አራት የጎረቤት ጥያቄ ጨምራችሁ እንደ አራተኛ ክፍል ፈትሹት። ለጥናታችሁም አዲስ ነገር የሚሆነው እሱ ነው።

ችግሩን ለሰው የማይናገር ሰው ድጋፍ የለውም ማለት ነው?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ከ12ቱ ሁለቱ ችግሬን ከቤተሰቤ ጋር፣ ከጓደኞቼ ጋር ማውራት እችላለሁ ወይ የሚሉ ናቸው። በመጠይቁ አዘጋጆች ሐሳብ ድጋፍ ማለት አውርቶ መቅለል ነው። ሼሊ ቴይለር፣ ሂጁንግ ኪምና ባልደረቦቻቸው በ2004 ባወጡት ጥናት እስያውያንና እስያዊ አሜሪካውያን በጭንቀት ጊዜ ከአውሮፓዊ አሜሪካውያን ያነሰ እርዳታ እንደሚጠይቁ አሳይተዋል። ምክንያቱ ሰው ማጣት አልነበረም። ግንኙነቱ እንዳይሻክር፣ ሌላውን እንዳያስቸግሩ ብለው ነው።

እኛም «ሆድ ይፍጀው» ብለን የምናድር ሰዎች ነን። ገመናችንን አናወጣም። ግን ቡና ላይ ከሰው ጋር ተቀምጦ ምንም ሳይናገሩ መቅለል አለ። ጎረቤቷ ፊቷን አይታ ምንም ሳትጠይቅ ልጆቿን ወስዳ ታበላላታለች። ይህ ድጋፍ ነው፣ ስለ ማውራት በሚጠይቁት በጥያቄ 8 እና 12 ግን አይያዝም። ሁለቱ ጥያቄዎች በእናንተ ዳታ ላይ ከወንድሞቻቸው ተለይተው ደካማ ከሆኑ ቶሎ ትርጉሙን አትውቀሱ።

ሰባት የመልስ ደረጃ አይበዛም?

ይበዛል። «በጣም በጣም አልስማማም» ጮክ ብላችሁ አንብቡትና ስሙት። «ገለልተኛ» ደግሞ የምርጫ ታዛቢ ነው የሚመስለው። «እስማማለሁ» የሚለውም ቢሆን ሰው የሌላውን ሐሳብ ሲቀበል ነው የሚለው። ስለ ራሴ እናት ከማን ጋር ነው የምስማማው?

በቃለ መጠይቅ ከሆነ በሁለት ደረጃ መጠየቅ ይቀላል። መጀመሪያ «ይህ ለእርስዎ እውነት ነው ወይስ አይደለም?» ከዚያ «በጣም ነው ወይስ በመጠኑ?» በስዕል ማገዝም ይቻላል። እኔ ባዶ ከሆነ ሲኒ እስከ ሞላ ሲኒ አምስት የተሳሉበትን ካርድ እመርጣለሁ። ደረጃውን ከሰባት ወደ አምስት ካወረዳችሁ ግን ሪፖርታችሁ ላይ ጻፉት። ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ ብለው የሚለዩትን የሰባቱን መከፋፈያ ቁጥሮች መጠቀም አትችሉም።

መረጃ ሰብሳቢ አንብቦ ሲጠይቅ ምን ይለወጣል?

ብዙ ነገር። መጠይቁ «ቤተሰቤ» ብሎ በራስ አንደበት የተጻፈ ነው። ሰብሳቢው ሲያነብ ወዲያው ወደ «ቤተሰብዎ»፣ «ቤተሰብሽ» ይቀይረዋል፣ እንደመጣለት። የአንተ፣ የአንቺና የእርስዎ ቅጂ ቀድማችሁ አዘጋጁ። የ20 ዓመት ልጅ የ60 ዓመት እናትን «ቤተሰብሽ ያጽናናሻል?» ብሎ ቢጀምር ቃለ መጠይቁ እዚያው አለቀ።

ሌላው ማን አጠገብ አለ የሚለው ነው። አንድ ጊዜ አንዲት አራስ እያነጋገርኩ አማቷ ገንፎ እያማሰሉ አጠገባችን ነበሩ። ስለ ቤተሰብ የሚጠይቁት አራቱም 7 ሆኑ። ሴትየዋ ስትመልስ የምታየው እኔን ሳይሆን ገንፎውን ነበር። ወረቀቱ የሚያሳየው ግን 7 ብቻ ነው። በይሉኝታ የተሰጠ መልስ በምንም ስታቲስቲክስ አይጸዳም። ለብቻ የሚቀመጡበት ቦታ ማግኘት ከትርጉሙ እኩል ሥራ ነው።

12ቱም ዓረፍተ ነገሮች አዎንታዊ መሆናቸው ደግሞ ነገሩን ያባብሳል። ለሁሉም «አዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያለ የሚያልፍ ሰው ከፍተኛ ድጋፍ ያለው ሆኖ ይወጣል።

ቅድመ ሙከራው ላይ ምን ልጠይቅ?

«ገብቶሃል?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም ገብቶኛል ነው የሚለው። ይልቅ «ይህን ሲሰሙ ማን መጣብዎ?»፣ «በራስዎ አባባል ይንገሩኝ»፣ «ለምን 5 አሉ፣ ለምን 7 አላሉም?» በሉ። 15 ሰው በዚህ ዓይነት በደንብ ብታነጋግሩ 300 ወረቀት ከማስሞላት የበለጠ ትማራላችሁ። «ማን መጣብዎ» የምትለዋ ጥያቄ ብቻ የልዩ ሰውን ጣጣ ግማሹን ታወጣዋለች።

ለፍተሻው ስንት ሰው ያስፈልጋል?

በልማድ ለአንድ ጥያቄ አሥር ሰው ይባላል፣ 120 መሆኑ ነው። እኔ ከ200 በታች አልጀምርም። ሁለት ቡድን ለማነጻጸር ካሰባችሁ በየቡድኑ 200።

አልፋው 0.90 ወጣልኝ። አለቀ?

አላለቀም። ክሮንባክ አልፋ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መዛመዳቸውን ነው የሚነግራችሁ። በዚህ መጠይቅ ላይ ከፍ ማለቱ አያስደንቅም። በ1988ቱ ጥናት ራሱ አጠቃላዩ 0.88 ነበር። አራት ተመሳሳይ ጥያቄ አራቴ ብትጠይቁ አልፋው ከፍ ይላል። ለሁሉም እግዚአብሔር ይመስገን ያለ ሰውም አልፋውን ከፍ ያደርግላችኋል! ያቺ «ስሜታዊ አይደሉም» ያለች እናት ብትሆን እንኳ አልፋው አያያትም።

አስተማማኝነት አንድ ነገር ነው፣ ተገቢነት ሌላ። ሁልጊዜ ሁለት ኪሎ አጉድሎ የሚመዝን ሚዛን አስተማማኝ ነው፤ ልክ ግን አይደለም። ለተገቢነት ውጤቱን ከሌላ ነገር ጋር አስተያዩት። ድጋፉ ከፍ ሲል የድብርት ምልክት ዝቅ ማለት አለበት። ለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ በተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትሾ በ2013 የታተመው ፒ ኤች ኪው 9 የሚባል የድብርት መጠይቅ አለ። ከዚያም የታወቁ ቡድኖችን አነጻጽሩ፤ ለምሳሌ ብቻቸውን የሚኖሩትን ከሰው ጋር ከሚኖሩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከፊሎቹን ደግማችሁ ጠይቁ።

ሁለት ፋክተር (ሣጥን) ብቻ ወጣ። ጥናቴ ወደቀ?

አልወደቀም። አድቫይዘራችሁ ሊቆጣ ይችላል፣ ግን ይህ ውጤት ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ወጣቶች ላይ ሲሞከር ልዩ ሰው ከጓደኞች ጋር የተዋሐደበት ጥናት አለ። ማላዊ ላይ ከቤተሰብ ጋር። ለወጣቱ የልቡ ሰው ጓደኛው ነው፣ ለእናቲቱ ባሏ ወይም እናቷ። መጠይቁ የተሰበረ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን የሚያሳየን ሰው ከማን ጋር እንደሚኖር ይመስለኛል። ሦስት ይውጣ ብላችሁ ጥያቄ እየቆረጣችሁ ኮምፒውተሩን አታስጨንቁት።

አማርኛውን ከአፋን ኦሮሞ ወይም ወንዶችን ከሴቶች ጋር ማወዳደር እችላለሁ?

መጀመሪያ ሚዛኖቹ እኩል መሆናቸውን አሳዩ። በሦስት ደረጃ ነው የሚታየው። ሁለት ሥጋ ቤት አስቡ። ሁለቱም የሚመዝኑት ሥጋ ነው ወይ? ይህ የመጀመሪያው፣ የሣጥኖቹ አቀማመጥ አንድ መሆኑ ነው። አንድ ኪሎ ሲጨመር መርፌው በሁለቱም እኩል ይንቀሳቀሳል ወይ? ሁለተኛው ነው። ምንም ሳይጫን መርፌው በሁለቱም ዜሮ ላይ ነው ወይ? ሦስተኛው። አማካይ ውጤት ለማወዳደር ሦስተኛውን ማለፍ አለባችሁ። በአንዱ ቋንቋ «ልዩ ሰው» በትክክል ተተርጉሞ በሌላው «ባል» ከሆነ ከሦስቱ በአንዱ ላይ ልትወድቁ ትችላላችሁ። ጎርደን ቼንግና ሮጀር ሬንስቮልድ በ2002 ባቀረቡት መለኪያ መሠረት ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲኬድ የሣጥኖቹ አቀማመጥ ከመረጃው ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም የሚያሳየው ሲ ኤፍ አይ የሚባለው ቁጥር ከ0.01 በላይ መውረድ የለበትም።

ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ የሚለው መከፋፈያ ከየት መጣ?

አማካዩ እስከ 2.9 ዝቅተኛ፣ ከ3 እስከ 5 መካከለኛ፣ ከ5.1 በላይ ከፍተኛ የሚለው ለአያያዝ እንዲመች የቀረበ ሐሳብ ነው። በሐኪም ምርመራ የተረጋገጠ ድንበር አይደለም። ከቻላችሁ ሳትከፋፍሉ ቁጥሩን እንዳለ ተጠቀሙበት።

ኦስሎ የሚባለው ባለ ሦስት ጥያቄ የማኅበራዊ ድጋፍ መጠይቅስ አይሻልም?

በአገራችን የጤና ጥናቶች ውስጥ በብዛት የሚታየው እሱ ነው። ያጥራል። ከሦስቱ አንዱ ከጎረቤት እርዳታ ማግኘት ይቀላል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ለዚህ ብቻ እወደዋለሁ። ድምሩ ከ3 እስከ 14 ነው። ድጋፉ ከማን እንደመጣ ግን አይለይላችሁም። ለዳሰሳ ጥናት እሱ ይበቃል። ድጋፍ ራሱ ዋና ጉዳያችሁ ከሆነ ወደ 12ቱ ተመለሱ።

አዲስ አበባ ላይ የተፈተሸውን ቤይሩት ወይም ዱባይ ላሉ እህቶች መጠቀም እችላለሁ?

ቋንቋው አንድ ነው፣ ኑሮው ግን አይደለም። «ሲያስፈልገኝ አጠገቤ የሚገኝ» የሚለው ጥያቄ በሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራ ልጅ ምን ማለት ነው? እናቷ ደሴ ናት፣ ማታ ማታ በኢሞ ታወራታለች። አጠገቤ ናት ትላለች ወይስ አይደለችም? «ቤተሰብ» ደግሞ ለሷ ደጋፊም ነው፣ በየወሩ ገንዘብ የምትልክለትም ነው። አንዳንዷ ችግሯን ለቤተሰብ ጨርሶ አትናገርም፣ እንዳይጨነቁ።

እስራኤል ያሉት ቤተ እስራኤሎች ዘንድ ሌላ ነገር አለ። አያት በአማርኛ ይሞላል፣ የልጅ ልጅ በዕብራይስጥ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት መጠይቅ ማለት ነው፤ የሥጋ ቤቱ ጥያቄ እዚያም ይነሳል። ቢያንስ ቅድመ ሙከራውን በአዲሱ ቦታ እንደ አዲስ አድርጉት።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

መጠይቁ በነጻ ነው፣ ምንጩን መጥቀስ ግን ግዴታ ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ደግሞ ለቅድመ ሙከራውም ያስፈልጋል፣ ለዋናው ብቻ አይደለም። ቀድሞ የተሠራ የአማርኛ ቅጂ ካገኛችሁ አዘጋጁን ጠይቃችሁ ከሱ ጀምሩ። ሁሉም ከዜሮ መጀመሩ አያስፈልግም።

መልስ ሰጪው «ማንም የለኝም» ብሎ ቢያለቅስ ምን ላድርግ?

ብዕሩን አስቀምጡ። ይህ ይደርሳል፣ በተለይ ቤተሰብና ልዩ ሰው ስለ ማጽናናታቸው በሚጠይቁት በአራተኛውና በአምስተኛው ጥያቄ ላይ። የሰብሳቢዎች ሥልጠና ላይ ግማሽ ቀን ለዚህ ብቻ መድቡ። በአካባቢው የምክር አገልግሎት የሚሰጠው ጤና ጣቢያ የትኛው እንደሆነ ቀድማችሁ አጣሩና በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ቀሪዎቹን ጥያቄዎች መቀጠል ካልፈለገ ወረቀቱ ሳይሞላ ይቅር። እንዲህ ያለውን ሰው ከሌሎቹ ጋር «ያልተሟላ» ብላችሁ አትጣሉት፤ ለምን እንዳቆመ ለብቻው መዝግቡ። ብዙዎች ያቆሙት አንድ ጥያቄ ላይ ከሆነ ያን ጥያቄ ተመልሳችሁ እዩት።